ሰሜን ወይስ ባሌ? ላሊበላ ወይስ ሐረር? ያላችሁን ቀን የት ብታጠፉት ይሻላል

«አስር ቀን አለኝ፤ የት የት ልሂድ?» ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ጥያቄ ሳይጠየቅ ዓመት አያልፈውም። ጠያቂው ብዙ ጊዜ መልሱንም ይዞት ነው የሚመጣው። ላሊበላ፣ አክሱም፣ ጎንደር፣ ጣና፣ ዳሎል፣ ሐረር፣ አርባ ምንጭ፤ ከተመቸ ደግሞ ኦሞ። ሁሉም በአስር ቀን! መሃል ላይ ሠርግ አለ፣ የአክስት ቤት ምሳ አለ፣ ሳይደረስ የቀረ ለቅሶ አለ።

አይሆንም። አገሩ ሰፊ ነው፤ መንገዱም ሲወጣና ሲወርድ የሚውል ነው። ካርታ ላይ ጎን ለጎን የሚመስሉ ሁለት ከተሞች መሃል የዓባይ ሸለቆ ተጋድሞ ሊሆን ይችላል። ሁሉን ልይ ያለ ሰው ሲመለስ ትዝ የሚለው የመኪና ወንበርና የአየር ማረፊያ ፍተሻ ነው። ስለዚህ እዚህ የምታገኙት «ሳታዩ እንዳትሄዱ» የሚል ዝርዝር አይደለም። ለአንድ ዓይነት ቀን የሚሻሙ ቦታዎችን እያጋጠምኩ፣ የቱን ለማን እንደምመክር ነው የምነግራችሁ። በአንዳንዱ ባትስማሙ አይገርመኝም።

በዓለም ቅርስ መዝገብ ኢትዮጵያ 12 ቦታዎች አሏት። መዝገቡ ያኮራል፤ ለመምረጥ ግን ብዙም አይረዳም። የታችኛው አዋሽ ሸለቆ እዚያ ላይ ከላሊበላ እኩል ነው። ድንቅነሽ የተገኘችበት ሐዳር ያለው እዚያው ነው። ሄዳችሁ የምታዩት ግን ጸሐይ የሚያነደውን ጠፍ መሬት ነው። የድንቅነሽን ታሪክ ለማየት አዲስ አበባ፣ ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወጣ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ይበቃል።

ከሁሉ በፊት ግን ሰላሙን አጣሩ። ባለፉት ዓመታት በሰሜንም በሌላውም አቅጣጫ መንገድ የተዘጋበት፣ በረራ የተቋረጠበት ጊዜ አለ። አውሮፕላን የሚያርፍበት ከተማ ሁሉ በመኪናም ይደረሳል ማለት አይደለም። አስጎብኚ ድርጅቱ «ምንም ችግር የለም» ቢላችሁም እዚያው ከተማ የሚኖር ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። ሆቴል የያዛችሁበት ቦታ እንግዳ መቀበያ ላይ ያለው ልጅ ከማንም በላይ እውነቱን ያውቃል።

ላሊበላ፣ አክሱም ወይስ ጎንደር?

ከሦስቱ አንዱን ብቻ ማየት የምትችሉ ከሆነ ላሊበላ ሂዱ። አልጠራጠርም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አክሱም ላይ የምታዩት ታላቅነት ግማሹ መሬት ውስጥ ነው፤ ጎንደር ላይ ነገሥታቱ ሄደው ግንቡ ቀርቷል። ላሊበላ ላይ ግን ዛሬም ይቀደሳል። በማለዳ ከደረሳችሁ ነጭ የለበሱ ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ሲጸልዩ፣ ካህኑ መስቀል ሲያሳልም፣ ደጀ ሰላም ላይ አሮጊቶች ተቀምጠው ታገኛላችሁ። 11ዱም አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የተፈለፈሉ ናቸው። ቤተ ጊዮርጊስን ከሩቅ ፈልጋችሁ አታገኙትም። አፋፉ ድረስ ስትጠጉ ነው ጣሪያው ላይ ያለው መስቀል ከእግራችሁ በታች ብቅ የሚለው። ከቤተ ገብርኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚወስደው ዋሻ ደግሞ ድቅድቅ ጨለማ ነው። አስጎብኚዎች የሲኦል ምሳሌ ነው ይላሉ፤ መብራት አታብሩ ይሏችኋል። አንድ እጅ ግድግዳው ላይ፣ አንድ እጅ ከጭንቅላት በላይ አድርጋችሁ ትሄዳላችሁ። ልጆች ከጉብኝቱ ሁሉ አስበልጠው የሚያወሩት ይህን ነው።

ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛው ወፍራም ካልሲ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጫማ ስታወልቁና ስትለብሱ ትውላላችሁ፣ ምንጣፉ ላይ ቁንጫ አለ። ሁለተኛው ትዕግሥት ነው። በአንዳንዶቹ ላይ ከዝናብ ለመከለል የተተከለው የብረት ጥላ ፎቶውን ያበላሸዋል። ምንም ማድረግ አይቻልም። ግማሽ ቀን ከተረፋችሁ ይምርሐነ ክርስቶስ ሂዱ። ከከተማው ራቅ ይላል፣ መንገዱም ያንገጫግጫል። ግን ዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ ንብርብር የተሠራው ያ ቤተ ክርስቲያን ከላሊበላዎቹ ይቀድማል። እኔ ከቤተ ጊዮርጊስ ቀጥሎ የማስቀምጠው እሱን ነው።

ገናን ላሊበላ ማክበር ሌላ ጉዳይ ነው። ታኅሣሥ 29 ማለዳ ካህናቱ ቤተ ማርያም ላይ፣ ግማሹ ከላይ ማሜ ጋራ ግማሹ ከታች ሆነው «ቤዛ ኩሉ» ሲያዜሙ ማየት የሚረሳ አይደለም። ነገር ግን ምዕመኑ ከየአገሩ በእግር ጭምር ይጎርፋል፤ አልጋ ከወራት በፊት ያልቃል፣ ዋጋውም ይሰቀላል። ሕንፃዎቹን በጸጥታ ማየት የፈለገ ሰው በገና ባይሄድ ይመረጣል። መሳለም የምትፈልግ እናት ካለቻችሁ ግን በገና ውሰዷት፤ ጭንቅንቁ ለእሷ በረከት ነው።

ጎንደርን የምመርጠው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ ደረጃና ገደል የሚከብደው ነው። ፋሲል ግቢ ሜዳ ላይ ነው፤ ሽማግሌም ቀስ ብሎ ይዞረዋል። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 የቆረቆሩት ከተማ ስለሆነ ከቤተ መንግሥቱ ሌላ ደብረ ብርሃን ሥላሴ አለ፤ ጣሪያው በመላእክት ፊት የተሞላ። የፋሲል መዋኛ አለ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋምም አለ። ሌላው ደግሞ ሰሜን ተራሮችን የሚያስብ ሰው ነው። የፓርኩ መግቢያ ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጥምቀትን ደግሞ የትም አክብሩት፣ እንደ ጎንደር አይሆንም። ጥር 11 ጠዋት ውሃው ተባርኮ ወጣቱ ከዛፍ ላይ ሳይቀር ዘሎ ሲገባ ማየት ነው። በገና ላሊበላ፣ በጥምቀት ጎንደር የሚል ጉዞ ብዙ ሰው ያቅዳል። በመሃሉ ያሉትን ቀናት ምን እንደምታደርጉባቸው ካሰባችሁ ጥሩ ዕቅድ ነው።

አክሱም ታሪክ አንብቦ ለሚሄድ ሰው ነው። ያላነበበ «ድንጋይ ነው እንዴ?» ብሎ ይመለሳል። ጣልያን ወስዶት የነበረው 24 ሜትሩ ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. ቆሟል። ትልቁ ግን ወድቆ የተሰባበረው ነው፤ 33 ሜትር፣ ከ500 ቶን በላይ። ወድቆ እንኳ ያስፈራል። በአሮጌው ማርያም ጽዮን ሴቶች አይገቡም፤ አዲሱ ለሁሉም ክፍት ነው። ታቦተ ጽዮን ያለችበትን ቤት ደግሞ ማንም ቢሆን ከአጥር ውጭ ነው የሚያየው። አክሱም ከሄዳችሁ የሐን ጨምሩ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠራው ቤተ መቅደስ ግድግዳ ዛሬም ቀጥ ብሎ ቆሟል። ዓድዋም መንገድ ላይ ናት።

ሰሜን ተራሮች ወይስ ባሌ?

በዚህ ላይ ሰው ጎራ ለይቶ ይከራከራል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ትራመዳላችሁ?

መልሱ አዎ ከሆነ ሰሜን። ሰሜን ተራሮች የገደል አገር ነው። ጫፉ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ስታዩ መሬቱ ከእግራችሁ ሥር ተቆርጦ ይጠፋል፤ ከሥሩ ሌላ የተራራ አገር ይጀምራል። ዩኔስኮ በመጀመሪያው ዙር፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ከላሊበላ ጋር የመዘገበው ያለ ምክንያት አይደለም። ኋላ በእርሻና በግጦሽ ተጎድቶ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተራ ገብቶ ነበር። ከዚያ ዝርዝር የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው።

የተለመደው ጉዞ ከሳንካበር ተነስቶ በግጭ በኩል ጨነቅ ይደርሳል። ድንኳን፣ በቅሎ፣ ምግብ አብሳይና መሣሪያ የያዘ ስካውት አብሯችሁ ይሄዳል። ስካውቱ ግዴታ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ለማየት ግን ይህን ሁሉ መሄድ አያስፈልግም። ከደባርቅ በመኪና ወጣ ብላችሁ በመቶዎች ሆነው ሣር ሲነጩ ታገኟቸዋላችሁ። ሰው አይፈሩም፤ መሃላቸው ብትቀመጡም ሥራቸውን አያቆሙም። ዋልያን ለማየት ጨነቅ ድረስ መግባት ይሻላል። ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም።

ራስ ደጀንን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። 4,533 ሜትር ስለሆነና የአገሪቱ ጣሪያ ስለሆነ ሁሉም ይመኘዋል። ለመውጣት ግን ከጨነቅ በኋላ ረጅም ወርዶ እንደገና መውጣት አለ። ጫፉ ላይ የምታዩት ደግሞ ከእሜት ጎጎ አፋፍ ከምታዩት አይበልጥም። «ወጣሁት» ለማለት ካልሆነ ያንን ሁለት ቀን ግጭ አካባቢ አሳልፉት።

አይ፣ ብዙ አንራመድም፤ ልጆችና ወላጆች አሉ ካላችሁ ደግሞ ባሌ። እንደኔ እንደኔ ባሌ ከሚገባው በታች የሚታወቅ ቦታ ነው። በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እንኳ ገና በመስከረም 2016 ዓ.ም. ነው። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በመኪና አንድ ሙሉ ቀን። ሮቤ አየር ማረፊያም አለ።

የባሌ ጥቅሙ መኪና ውስጥ ሆናችሁ ሦስት የተለያዩ ዓለሞችን ማለፋችሁ ነው። ዲንሾ ላይ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አካባቢ የደጋ አጋዘን ዛፉ ሥር ቆሞ ያያችኋል። ግማሽ ሰዓት በእግር ብትዞሩ ይበቃል፤ ድኩላና ከርከሮም አይጠፋም። በማግስቱ ከጎባ ወደ ሳነቲ ትወጣላችሁ። ጎባ ላይ ሹራብ የበቃው ሰው ሳነቲ ላይ ብርድ ልብስ ይፈልጋል። ከ4,000 ሜትር በላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ዛፍ የለም። ጅብራ እዚህም እዚያም ቆሞ፣ ኩሬዎች፣ ድንጋይ፣ ንፋስ።

ቀይ ቀበሮ የሚታየው እዚህ ነው። በዓለም ላይ ከቀሩት ጥቂት መቶዎች ከግማሽ በላይ ባሌ ውስጥ ናቸው። ሞተሩን አጥፍታችሁ መስኮት ዝቅ አድርጋችሁ ጠብቁ። መሬቱ በፍልፈል ጉድጓድ የተበሳሳ ነው። ፍልፈሉ ከጉድጓዱ ግማሽ አካሉን ብቻ አውጥቶ ሣር ይሰበስባል፤ ዓይኖቹ ጭንቅላቱ ላይ ከፍ ብለው ስለተቀመጡ ብዙም ሳይወጣ ዙሪያውን ያያል። ቀበሮዋ ይህን ታውቃለች። ሆዷን መሬት አስነክታ፣ ጆሮዋን ወደፊት ቀስራ፣ አንድ እግር አንስታ ትቆማለች። ደቂቃ ያልፋል። ሌላ ደቂቃ። ከዚያ ትዘላለች። አብዛኛውን ጊዜ ስታጣው ፊቷን አዙራ እንደምንም ያልሆነች ሆና ትሄዳለች። እንስሳ በቴሌቪዥን ብቻ የሚያውቅ ልጅ ይህን ካየ በኋላ ስልኩን ለተወሰነ ጊዜ ይረሳዋል።

ቱሉ ዲምቱም ባሌ ነው። 4,377 ሜትር፣ የባሌ ከፍተኛው ጫፍ፤ ጥሩ መኪና ካላችሁ ጫፉ ድረስ በጎማ ይወጣል። ያለ ላብ ተራራ የወጣችሁበት ፎቶ ከፈለጋችሁ እነሆ። ከሳነቲ ማዶ መንገዱ ወደ ሀረና ደን ይወርዳል። አስታው፣ ቀርከሃው፣ ቀጥሎ ግንዱ በሽበት የተሸፈነ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ። የጫካ ቡናና ማር እዚያው ይገዛል። ጠዋት ብርድ ያንቀጠቀጠው ሰው ከሰዓት በኋላ ጃኬቱን አውልቆ ቡና ይጠጣል። አንድ ቀን ጨምሩና ከሮቤ ወደ ምሥራቅ ሶፍ ዑመር ዋሻ ሂዱ፤ የዌብ ወንዝ አለቱን ቦርቡሮ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሠራው ነው። በዝናብ ወቅት ውሃው ስለሚሞላ መግባት አይቻልም። በረሃ ቢጤ ስለሆነ ከሳነቲ ብርድ ወጥታችሁ ሙቀት ውስጥ ትገባላችሁ።

ሁለቱም ላይ የከፍታ ነገር አለ። ባሌ ላይ ይብሳል፤ ምክንያቱም በመኪና በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ይኖራል። ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ካለ ሐኪም ሳያማክር አይውጣ፤ ከወጣም እላይ ሳያድር በጊዜ ይውረድ። ለሰሜን ምርጡ ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው፤ መሬቱ አረንጓዴ፣ ሰማዩ የጠራ። ባሌን ከኅዳር እስከ የካቲት አድርጉት። ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው።

ሐረር፤ ቤተ ክርስቲያንና ተራራ ለደከመው

ከሰሜን መልስ «ሌላ ቤተ ክርስቲያን ካሳየኸኝ አለቅሳለሁ» ያለ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ካለ ሐረር ውሰዱት።

ሐረር ከሌሎቹ የሚለየው የሚታየው ነገር ሕንፃ ሳይሆን ኑሮ መሆኑ ነው። ጀጎል ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር የታጠረ ነው። ውስጡ 82 መስጊድ አለ ይባላል። ሰው ግን እስከ ዛሬ ይኖርበታል። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ሴቶች ቅርጫት ተሸክመው ያልፋሉ። መኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፊዎች በረድፍ ተቀምጠው እግራቸው ሲንጠቀጠቅ ይውላል፤ ሰፈሩም ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናው ጫጫታ ነው። ጠዋት ፈጢራ በማር ብሉ። የቡና መቁያ ሽታ ወደሚመራችሁ ሂዱ። መጥፋት እንደሆነ ትጠፋላችሁ፤ ግን ግንብ ነውና የሆነ በር ላይ ያደርሳችኋል።

ጌይ ጋር፣ ማለትም የሐረሪዎችን ባህላዊ ቤት፣ ሳታዩ አትውጡ። ከተቻለ እዚያው እንግዳ በሚቀበል ቤት እደሩ። ከፍና ዝቅ ያለው መደብ፣ ግድግዳው ላይ የተደረደረው ሰፌድና ሳህን፣ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ሁሉም ሥርዓት አለው። ራምቦ ቤት ቆንጆ ነው፤ መስታወቱና የጣሪያው ሥዕል ያምራል። ብቻ ፈረንሳዊው ባለቅኔ የኖረው እዚያ ውስጥ እንዳልሆነ እወቁ። ቤቱ የተሠራው እሱ ከሄደ በኋላ ነው።

ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ይበላል፤ ማለቴ ሰዎች ያበሉታል። ሥጋውን በአጭር እንጨት ይዛችሁ ራሳችሁም መሞከር ትችላላችሁ። ጅቡ ከጀርባ መጥቶ ትከሻችሁ ላይ ቢቆም አትጩኹ። የተባላችሁትን ዋጋ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ከሰዓት በኋላ ከተማው በጫት ምክንያት ጭር ይላል፤ ሱቅ ፈልጋችሁ ዝግ ታገኛላችሁ። ስለዚህ ጉብኝቱን ጠዋት ጨርሱት። ሐረር ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብዙ ሰው በአውሮፕላን ድሬዳዋ ወርዶ ከዚያ በመኪና ይወጣል። ከፉሪ ለቡ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡርም አለ። መርሐ ግብሩ ስለሚቀያየር ቀደም ብላችሁ አጣሩ። ድሬዳዋ ላይ ግማሽ ቀን ቆዩ፤ የድሮውን የለገሃር ጣቢያ፣ የከዚራን ጥላና የቀፊራን ገበያ ለማየት ይበቃል። ከዚያ በላይ ሙቀቱ ራሱ ያባርራችኋል።

ውሃ ዳር ማረፍ ለሚፈልግ

እዚህ ላይ የሚወስነው ለመዋኘት ነው ወይስ ለማየት የሚለው ነው።

ለመዋኘት ላንጋኖ። ቢልሃርዚያ የሌለበት መሆኑ ነው ከሌሎቹ የሚለየው። ውሃው ቡናማ ስለሆነ የቆሸሸ ይመስላል። ቆሻሻ አይደለም፤ ደለሉ ነው። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አርብ ወጥቶ እሑድ መመለስ ይቻላል። ድንኳን ለሚወዱ ወጣቶችም ይመቻል።

ሐዋሳ አይዋኝባትም፤ ግን ከተማ ናት። ሰፊ መንገድ፣ ብስክሌት፣ ሐይቅ ዳር የእግር መንገድ። ጠዋት አሞራ ገደል የአሳ ገበያ መሄድ ግዴታ ነው። ጀልባዎቹ ሲገቡ ሴቶችና ልጆች ቆሮሶ የሚባለውን አሳ በፍጥነት ይፈትቱታል፤ አባ ኮዳዎቹ ዙሪያውን ቆመው ትራፊ ይጠብቃሉ። ጥሬ አሳ በዳጣ ደፍራችሁ ካልበላችሁ ሾርባው አለ፣ ጥብሱ አለ። ዕቃችሁን ግን ከጦጣ ጠብቁ።

ቢሾፍቱ ቅርብ ናት፤ ጥቅሟም ጉዳቷም ይኸው ነው። ቅዳሜና እሑድ ግማሽ አዲስ አበባ እዚያ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው። በሥራ ቀን ከሄዳችሁ ሌላ ቦታ ትመስላለች። ወንጪ ደግሞ ለሚራመድና ፈረስ ለሚወድ ሰው ነው። በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ፣ መሃሉ ላይ ገዳም ያለበት ደሴት። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎታል። ይበርዳል፤ ጃኬት ያዙ።

አርባ ምንጭ ከእነዚህ ሁሉ ይበልጣል፤ ግን ሁለት ሌሊት ካልሰጣችሁት አትሂዱ። ጫሞ ላይ በጀልባ ወጥታችሁ «የአዞ ገበያ» የሚባለውን ታያላችሁ፤ አዞዎቹ ዳር ላይ አፋቸውን ከፍተው ተኝተው ነው የሚጠብቋችሁ። ጉማሬውም አለ። በማግስቱ ወደ ዶርዜ ውጡ፤ የቀርከሃው ቤት፣ የሽመናው ሥራ፣ ቆጮ በዳጣ።

ጣናን ከዚህ ተራ የማወጣው ለዋና ወይም ለመዝናኛ ስላልሆነ ነው። የሚኬደው ለገዳማቱ ነው። ሴቶች ካላችሁ አስቀድማችሁ እወቁት፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም። ዘጌ ላይ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ለሁሉም ክፍት ነው፣ ሥዕሎቹም ከብዙዎቹ ይበልጣሉ። ስለዚህ ቤተሰብ ከሆናችሁ ዘጌን ብቻ አድርጋችሁ ተመለሱ። ጭስ ዓባይ ደግሞ ከክረምት በኋላ ካልሆነ አያጓጓ። ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ የምታገኙት ቀጭን ጅረት ሊሆን ይችላል። ነሐሴና መስከረም ላይ ግን ስሙን ይመስላል።

ኦሞና ዳሎል

ኦሞ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። መኪና ቆሞ፣ ሰው ተሰልፎ፣ ለአንድ ፎቶ ብር ተቆጥሮ የሚኬድበት ጉብኝት አይጥመኝም፤ ለተጎብኚውም ክብር ያለው አይመስለኝም። መሄድ ከፈለጋችሁ በገበያ ቀን ሂዱ። ቀይ አፈር ሐሙስ፣ ቱርሚ ሰኞ፣ ዲመካ ቅዳሜ። ገበያ ላይ ሰው የራሱን ጉዳይ ይዞ ስለሚመጣ እናንተ ዋና ትርዒት አትሆኑም፣ እሱም አይሆንም። ከዚያ በፊት ግን ኮንሶ ላይ ሁለት ቀን ስጡ። የእርከኑ ሥራ ብቻውን ያስገርማል፤ ተራራውን ከላይ እስከ ታች በድንጋይ ደርድረውታል። መንደሮቹ በካብ የታጠሩ ናቸው። እኔ ብሆን ኮንሶ ደርሼ እመለሳለሁ።

ዳሎል ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። ቢጫው፣ አረንጓዴው፣ ጨው ጭኖ የሚሄደው የግመል ሰልፍ በሌላ ዓለም ያሉ ያስመስላል። ከኅዳር እስከ የካቲት ካልሆነ አትሞክሩት። ከትንንሽ ልጆች ጋርም አይሆንም። አስም ላለበት ሰውም የዲኑ ጢስ አይመችም። ኤርታሌን የጨመረ ጉዞ ከሆነ ደግሞ የእሳተ ገሞራውን ሁኔታ ተከታተሉ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. እዚያው አካባቢ ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ባሕር ተሻግሯል። ድሮ ያያችሁት የላቫ ሐይቅ ፎቶ ዛሬ እዚያ ላይጠብቃችሁ ይችላል።

አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ

ሠርግ ላይ መጥታችሁ አንድ ቀን ከተረፋችሁ ወደ ቡታጅራ መንገድ ውጡ። መልካ ቁንጡሬ፣ አዳዲ ማርያምና ጢያ አንድ መስመር ላይ ናቸው። የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያ፣ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን፣ ሰይፍ የተቀረጸባቸው ሐውልቶች፤ ማታ ቤታችሁ ናችሁ። ደብረ ሊባኖስም ይቻላል። ገደሉና ጭላዳዎቹ ደስ ይላሉ። «የፖርቱጋል ድልድይ» የሚባለውን ግን ፖርቱጋሎች አልሠሩትም። እኔ ጢያን አስቀድማለሁ፤ ደብረ ሊባኖስን ለተሳላሚ እተወዋለሁ።

የምትመጡት በክረምት ከሆነ

ከአሜሪካም ከአውሮፓም ልጅ ይዞ የሚመጣ ሰው የሚችለው ትምህርት ሲዘጋ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ማለት ነው። ይህ ደግሞ መመሪያዎች ሁሉ «አትሂዱ» የሚሉበት ወቅት ነው። ነገሩ ግን እንደ አቅጣጫው ይለያያል።

ሰሜን ተራሮችን ተዉት፤ ጭጋጉ ውስጥ ቆማችሁ ገደሉ እዚህ ጋ ነበር ትባላላችሁ። ባሌም ጭቃ ነው። ደቡብ ግን ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሚዘንብ አርባ ምንጭና ኮንሶ በሐምሌ ይመቻሉ። ሐረር ቢዘንብባትም እንደ አዲስ አበባ ቀኑን ሙሉ አታጨልም። ላሊበላ ይንሸራተታል እንጂ አይዘጋም፤ ቱሪስቱም ትንሽ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ስለሆነ ምግቡ ጾም ነው። ልጆቻችሁ ሽሮና አተር ክክ የማይበሉ ከሆነ አስቡበት። ጾሙ በሚፈታበት ዕለት፣ ነሐሴ 16፣ ትግራይ ላይ አሸንዳ፣ ዋግ ላይ ሻደይ፣ ላስታ ላሊበላ ላይ አሸንድዬ ይጀምራል። ሴት ልጅ ካለቻችሁ ቀሚሱን እዚያው ገበያ ግዙላት፤ ሹሩባውን የሚሠሩ ግን በዓሉ ሲቃረብ ወረፋቸው ስለሚረዝም ቀደም ብላችሁ አስይዙ።